የመቃብሩ ዶማ

አዳማ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የኖሩት አያቴ፣ ሐዲዱ ሲዘረጋ ሠርተው ያገኙትን መጥረቢያ፣ መጋዝና ዶማ በቤታቸው የውጭ ግድግዳ ላይ ሰቅለው የቸገረው ሁሉ እንዲወስድ ይተዉት ነበር። ሰብሮ የመለሰ ጎረቤት ሲያፍር፣ «መሣሪያ የሚሰበረው ሲሠራበት ነው። ና፣ አብረን እንጠግነው» ይሉታል።

አያቴን እንደቀበርናቸው፣ ወንድሞቼ መሣሪያውን ተከፋፍለው ቆለፉበት፤ ግድግዳው ላይ ምስማሩ ብቻ ቀረ። ጎረቤታችን ቶላ የእናቱ ጎጆ ዘሞበት፣ ምሰሶ ሊቆርጥ መጥረቢያ ቢጠይቅ፣ ታላቅ ወንድሜ «የወራሽ ንብረት ሆኗል» አለው።

ቶላ አልተቆጣም። «የአባባን መቃብር የቆፈርንበት ዶማ እኔ ዘንድ ነው። እጀታው ተሰብሮብኝ ነበር» ብሎ ሄደ። በማግስቱ አዲስ እጀታ ገጥሞለት በሁለት እጁ አስረከበን። ወንድሜ ተቀበለው። እኔም «አንተው ዘንድ ይቆይ» ሳልል ቀረሁ።

አያቴ፣ አፈሩ ይቅለልዎ። እኛ ግን በቶላ ደጅ ቀና ብለን ማለፍ አቅቶናል።