አዴር ጃማ እና ፊልተሩ

ሰሞኑን ፒያሳ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ በር ላይ ቆምኩ። መስኮቱ ውስጥ ማዞሪያዎች የሞሉበት፣ ሲንተሳይዘር የሚሉት አሮጌ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ተቀምጧል። ሻጩ "ለልጅዎ ነው፣ እማማ?" አለኝ። ለራሴ ነው ማለት አፈርኩና መንገዴን ቀጠልኩ።

ሃርጌሳ የሄድኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እናቴ በሞተች ሰሞን ነው። አባቴ እዚያ የአየር መንገድ ሠራተኛ ነበር። ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ሰፈር በተከራየነው ቤት፣ እሱ ጠዋት ከወጣ በኋላ የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም። ሶማልኛ አልችልም፤ የሐምሌው ነፋስ አቧራውን እያስነሣ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል። አንዳንድ ቀን ድምፅ እንዳለኝ ለማረጋገጥ ያህል ስሜን ጮክ ብዬ እጠራ ነበር።

ከአጥሩ ወዲያ አዴር ጃማ ይኖሩ ነበር። አዴር በእነሱ ቋንቋ አጎቴ እንደ ማለት ነው። የሠርግ ሙዚቀኛ ነበሩ፤ አማርኛ የለመዱት ጅግጅጋ በስደት ሳሉ ነው። አንድ ቀን ከቤታቸው የሚወጣውን ድምፅ አጥሩ ሥር ቆሜ ሳዳምጥ ባለቤታቸው አዩኝና እጄን ይዘው አስገቡኝ። የግመል ወተት የገባበት ቅመም ያለው ሻይም ቀዱልኝ። አዴር ፒያሳ እንዳየሁት ያለ ሲንተሳይዘር ፊት ተቀምጠው ነበር።

"ይሄ ኦሲሌተር ይባላል፤ መጀመሪያ ሁሉንም ይጮሃል" አሉኝ አዴር፣ አንዱን ቁልፍ ተጭነው። ድምፁ እንደ መጋዝ ሻካራ ነበር። "ወፍራሙም ቀጭኑም አንድ ላይ አለበት። አንቺ የምትጨምሪው የለም፤ ትቀንሻለሽ።" ፊልተር የሚሉትን ማዞሪያ ወደ ግራ ሲያዞሩት ቀጭኑ ድምፅ እየተቆረጠ ሄደ፤ ሻካራው ለሰለሰ፣ ከሩቅ የሚሰማ የሰው ጉርምርምታ መሰለ። በሌሎቹ ማዞሪያዎች ደግሞ ድምፁ በዝግታ እንዲነሣ፣ ጣት ከቁልፉ ሲለቅም ቀስ ብሎ እንዲጠፋ ማድረግ አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከሰዓት፣ ሰዎቹ የአስርን ሰላት ከሰገዱ በኋላ እሳቸው ዘንድ ነበርኩ።

የልጃቸው ሠርግ ሲቃረብ አዴር ተበሳጩ። "ፊልተሩ ተበላሽቷል። እስከ መጨረሻው ከፍቼው እንኳ ድምፁ ድፍን ነው!" ክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ ግን ጆሮ ይበሳ ነበር፤ ባለቤታቸው ጆሯቸውን ይዘው ወጥተዋል።

ከእሳቸው ሌላ ሰው አልነበረኝም። ብናገር ሁለተኛ አያስገቡኝም ብዬ ፈራሁ። እንደምንም "አዴር፣ ፊልተሩ ይሠራል፤ እኔ እሰማዋለሁ" አልኩ።

ማዞሪያውን ወደ ግራ፣ መልሰው ወደ ቀኝ አዞሩት። "ወላሂ፣ ጆሮዬን ጠርጥሬው ነበር" አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ወንበር ሳቡልኝ። "እንግዲያው ማዞሪያውን አንቺ ያዢ። ሲሾል ቀንሺው።"

በሠርጉ ቀን እሳቸው ሲጫወቱ ማዞሪያውን እኔ ያዝኩ። ሴቶቹ እልል ሲሉ አዴር ወደ እኔ ዘንበል ይሉና "ያምራል?" ይሉኛል።

"ያምራል፣ አዴር።"

አምነውኝ ይቀጥላሉ። ብዙም ሳይቆይ አባቴ ተዛወረ፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

አሁን ብቻዬን ነው የምኖረው። የወፎቹን ጩኸት መስማት ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ መቼ እንደ ጠፋብኝ እንኳ አላውቅም። ባለፈው ልጄ ደውላ "እማ፣ ቴሌቪዥኑ እኮ እዚህ ድረስ ይጮሃል፤ ጆሮሽን ታዪው" አለችኝ። አዴር ይህንኑ የሰሙ ቀን አጠገባቸው እኔ ነበርኩ። እኔ ግን ስልኩን ስዘጋ፣ "ያምራል?" ብዬ የምጠይቀው ሰው አጠገቤ አልነበረም።