ጋትራ እና ቀጥራን

ባለፈው ልጄ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ይዛልኝ መጣች። ከጥድ ቅጠል የተጨመቀ የፊት ቅባት ነው፣ አንቲኦክሲዳንት አለው፣ ቆዳ ቶሎ እንዳያረጅ ይከላከላል ብላ አስረዳችኝ። የእኔ ፊት እንደሆነ ካረጀ ቆይቷል። ሳቄ ያመለጠኝ ግን በሌላ ነው፤ ጥድ አንዴ ጉድ ሊሠራኝ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። ባሌ ኒካህ ባሰርን በሳምንቱ ሁርሶ ማሰልጠኛ ገባ። ከወራት በኋላ ለአንድ ቀን መጥቶ አይቶኝ ወደ ግንባር እንደሚሄድ መልእክት ላከብኝ። ፊቴን ደግሞ ማድያት ወሮታል። የመጨረሻ የሚያየኝ እንዲህ ሆኜ ቢሆንስ እያልኩ አለቅስ ነበር።

መጋላ ሰፈር ጎረቤታችን የነበሩት ኦሮሞ እናት፣ አዴ የምንላቸው፣ አዘኑልኝ። ጋትራ በሰሊጥ ዘይት ዘፍዝፌ እንድቀባ መከሩኝ። ጋትራ በኦሮምኛ ጥድ ማለት ነው። እኔ ግን ኦሮምኛ አውቃለሁ ባይ ነኝና ድገሙልኝ ማለት ሞት መሰለኝ፤ ቀጥራን ብዬ ሰማሁ። ሱቅ ሄጄ ቀጥራን ስጠይቅ ባለሱቁ ስንት ግመል እንዳለን ጠየቀኝ። ምን አገባው ብዬ ተቆጣሁ። ለግመል እከክ የሚቀባ ዝፍት መሆኑን ማን ነግሮኝ። ሲሸተኝም፣ መድኃኒት መቼ ጥሩ ሸቶ ያውቃል ብዬ ፊቴን ለቀለቅኩት።

ወዲያው ያቃጥለኝ ጀመር። በሳሙና ባሸው ጭራሽ ተጣበቀ። እያለቀስኩ አዴ ዘንድ ሮጥኩ። መጀመሪያ ደነገጡ፣ ኋላ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ወላሂ ጋትራ ነው ያልኩሽ። አንቺ ራስሽን ግመል አደረግሽ» አሉኝ።

በሰሊጥ ዘይት ቀስ እያደረጉ አስለቀቁልኝ። ቆዳዬ ቀላ እንጂ አልተላጠም። እፎይ አልኩ። ቀጥራኑም ቢሆን ከጥድ እንጨት የሚወጣ ነው ብለው አጽናኑኝ። ሽታው ግን አልለቅም አለ።

በማግስቱ ባሌ ሲመጣ ሻሼን እስከ ዓይኔ ሸፍኜ ማዶ ተቀመጥኩ። እሱ ጠጋ ብሎ አሸተተኝ። ያደገው ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ፣ በአባቱ ግመሎች መሀል ነው።

«ቤት ቤት ትሸቺያለሽ» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ማድያቱን አላየውም፣ ወይ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

የልጄን ብልቃጥ ከፍቼ አሸተትኩት። ምንም አይሸትም።

«አባትሽ ይሄን አይወደውም» አልኳት። እሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል።