የድመቴ ደረቅ ምግብ

ሸማ ተራ ሱቅ በነበረኝ ዘመን ጋቢና ነጠላውን ከአይጥ የምትጠብቅልኝ ግራጫ ድመት ነበረችኝ። ከሥጋ ቤት የማመጣላትን ሳንባ ነበር የምትበላው። አንድ ዓመት ሥጋ ቤቱ ለሁዳዴ ሲዘጋ፣ ሲኒማ ራስ አካባቢ ካለ ሱቅ ከውጭ የመጣ ደረቅ የድመት ምግብ ገዛሁላት። ርካሽ ነበር፤ እሷም ስለወደደችው ጾሙ ከተፈታ በኋላም በዚያው ቀጠልኩ።

ሰኔ ላይ ፀጉሯ ይረግፍ፣ የበላችውን ታስመልስ ጀመር። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የመድኃኒት ባለሙያ ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው ከረጢቱ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አነበቡልኝ።

«እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል አለበት» አሉኝ። «ምን ያህል እንደጨመሩ ግን አልጻፉም።»

«ጋሼ፣ እሱ ይሆን ያሳመማት?»

«እሱን እኔም አላውቅም፣ ልጄ።»

ከረጢቱን ይዤ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። «እትዬ፣ እኛ እንደመጣልን ነው የምንሸጠው። ደግሞ ለድመት ነው!» ብሎኝ ወደ ሌላ ገበያተኛ ዞረ። ድመቷን ያሳየሁት የእንስሳት ሐኪምም ምግቡን የሚመረምርበት መሣሪያ እንደሌለው ነገረኝ።

ወደ ሳንባው ልመልሳት ሞከርኩ። አሽትታ ትተወዋለች። ሁለት ቀን ምንም ሳትቀምስ ተኝታ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ አላስቻለኝም፤ በሦስተኛው ቀን ያንኑ ደረቅ ምግብ ዘግኜ ሰጠኋት። እየተንቀጠቀጠች በላችው።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። በምግቡ ይሁን በሌላ በሽታ ዛሬም አላውቅም፤ የሚነግረኝም ሰው አላገኘሁም።