ጋሽ መሮና ባለ በረንዳው ቤት

ጋሽ መሮ ወደ ባለ በረንዳው ቤት የመጣው በሃያ ዓመቱ፣ አንድ የተሰበረ የደረጃ እርከን ሊጠግን ነው። እርከኑን ጠግኖ ሲጨርስ ከላይ ያለው ሲወዛወዝ አየ። እሱን ሲያጠብቅ ደግሞ መደገፊያው በስብሶ አገኘው። እንዲህ እንዲህ ሲል አርባ ስድስት ዓመት አለፈ። በመሃሉ፣ ፎቅ ላይ የምትኖረውን ልብስ ሰፊ አገባ፤ ምድር ቤት ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ግማሿን መኝታ፣ ግማሿን የአናጢ ቤት አደረጋት። ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ «ለዚህ ደረጃ የምታደርገውን ለእኔ ብታደርግልኝ ኖሮ ዛሬም ኮረዳ እመስል ነበር» እያለች ታሾፍበት ነበር። ነገሩ እውነት ነው፤ እሷ ስታስነጥስ ያልሰማ ሰው ደረጃው ሲንቋቋ ከእንቅልፉ ይነሳል።

እኛ የቤቱ ተከራዮች መሮ ብለን ስም ያወጣንለት መሮ ከኪሱ ስለማይለይ ነው። የአሠራሩ ነገር ለብቻው ነው። ሚስማር አይወድም፤ እንጨትን ከእንጨት ጋር አቆላልፎ ነው የሚያስረው። አንድ ቋሚ ሲበሰብስ ከፈረሱ ቤቶች የዚያኑ ዘመን እንጨት ፈልጎ ያመጣል፣ ያንኑ ቅርጽ ይቀርጽበታል፣ ዘይትና ጥላሸት ያሸዋል። አዲሱን ከአሮጌው የሚለይ ዓይን አልነበረም። የሚሠራው እኛ ሥራ ስንውል ስለሆነ፣ በዚያ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ የኖርነውም ምኑ እንደተቀየረ አናውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት አጥሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ቤቱ ፈርሶ በቦታው ረጅም ሕንጻ ሊሠራበት ነው። ሰባት ሆነን ኮሚቴ አቋቋምን። እኔ በጡረታ የተገለልኩ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለሆንኩ ደብዳቤ መተየቡ በእኔ ላይ ወደቀ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የባለቤቱ ወራሾች ሳይቀሩ ይፍረስ ብለው ፈረሙ። ከሰባታችን አንዱ ታመመ፣ አንዷ ልጇ ዘንድ ሄደች፣ ሦስቱ ምትክ ቤት ሲሰጣቸው ሰላምታ እንኳ ነፈጉን። እኔና ጋሽ መሮ ቀረን። ስምንት ወር ሙሉ፣ እግራችን እስኪቀጥን፣ ማዘጋጃ ቤት ደጅ ጠናን። ነገ ተመለሱ ማለት የማይሰለቸው ቤት ነው።

በመጨረሻ የቅርስ ክፍሉ ባለሙያ ልኮ ሊያስመረምር ተስማማ። መመሪያው ግልጽ ነበር፤ ከቤቱ አካል ከግማሽ በላይ የሆነው መጀመሪያ ሲሠራ የነበረው ከሆነ፣ በቅርስነት ይመዘገባል። ከተመዘገበ ማንም አይነካውም። እኔም በማመልከቻው ላይ «ቤቱ ሲሠራ እንደነበረ ነው» ብዬ ተየብኩ፤ ከልቤም አምኜበት ነበር። መመሪያውን ለጋሽ መሮ አላነበብኩለትም። ለምን አነባለሁ? ከእሱ የምፈልገው የሚላከውን ባለሙያ ቤቱን እንዲያዞርልኝ ብቻ ነበር።

ባለሙያዋ ማክሰኞ ጠዋት መጣች፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ በር ላይ ጫማዋን ማውለቅ ሁሉ የቃጣት ልጅ። የደረጃውን መደገፊያ በመዳፏ ዳሰሰችው።

«መቶ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሳይነቃነቅ! ዛሬ ማን እንዲህ ይቀርጻል? ይሄ ዓይነት እጅ እኮ ጠፍቷል» አለች።

በአርባ ስድስት ዓመት ውስጥ ማንም ያንን እንጨት አይቶ እንዲህ አላለም። እኛም አላልንም።

«ኧረ አልጠፋም!» አለ ጋሽ መሮ። ፊቱ በራ። «ይሄ የኔ ሥራ ነው።»

«የቱ?»

«መደገፊያው። ቋሚዎቹም። ነይማ ልጄ፣ በረንዳውን ላሳይሽ።»

እግሩን ረገጥኩት።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ? እግሬን እኮ ነው!» ብሎኝ ቀጠለ። የበረንዳው ወለል የእሱ፣ የመስኮቶቹ መቃን የእሱ፣ ከጣሪያው ሥር እንደ ጥልፍ የተቀረጸው ጌጥ የእሱ። የቱን በየትኛው ክረምት እንደቀየረ ሁሉ ያስታውሳል። ልጅቷ መጻፏን አቆመች። ክፉ አልነበረችም፤ እንዲያውም መውጫ ልትሰጠው ሞከረች።

«አባባ፣ የደረጃው እርከኖች ግን የድሮዎቹ ናቸው፣ አይደል?» አለችው ዓይን ዓይኑን እያየች።

«እርከኖቹ?» ሳቀ። «የድሮ የሚባል አንድ ብቻ ነው የቀረው። እሱንም በሚቀጥለው ወር ልቀይረው ነው።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእሱ ግን አፉ አምልጦት አይደለም፤ ደስ ብሎት ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ልጅቷ ስትሄድ መመሪያውን አነበብኩለት። እርከኑ ላይ ቁጭ አለ።

«ታዲያ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አለኝ።

መመሪያውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ፤ ቤቱ አብዛኛው አካሉ የታደሰ ስለሆነ በቅርስነት አይመዘገብም ይላል። አንብቤለት ስጨርስ፣ «ጻፊልኝ» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«ሽማግሌ ነኝ፣ ጉራዬን ነው የነዛሁት፤ አንዲት እንጨት አልነካሁም በይልኝ።»

«ጋሼ፣ ውሸት እኮ ነው።»

«ቤቱ ይዳን እንጂ፣ ውሸቱ የኔ ነው።»

ተየብኩለት፣ ፈረመ፣ ይዘን ሄድን። ባለሙያዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «አባባ፣ ውሳኔው ወጥቷል፤ ከእኔ እጅ ወጥቷል» አለችው። ወረቀቱን ግን ተቀብላ ፋይሉ ውስጥ አስገባችው። እንግዲህ የጋሽ መሮ ዕድሜ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ላይ እንዲህ ሆኖ ይገኛል፤ አንዲት እንጨት አልነካም። የተየብኩት እኔ ነኝ። ይሄን ሳስበው ራሴን እጠላለሁ።

ቤቱን ያፈረሱት ሐሙስ ቀን ነው። ግድግዳው እስከ ረፋድ አልቆየም። ደረጃው ግን እምቢ አለ። በገመድ ሳቡት፣ በድጅኖ መቱት፤ ንቅንቅ የለም። እኔና ጋሽ መሮ ከመንገዱ ማዶ ከዕቃችን ጋር ቆመን እናያለን። የሠራተኞቹ አለቃ ላቡን እየጠረገ መጣ።

«አባባ፣ እዚህ ነው የሚኖሩት?»

«እኖር ነበር።»

«ኧረ ይሄን ነገር ማነው የሠራው? ሚስማር የለው፣ ምን የለው፣ በየት በኩል ነው የሚፈታው? ሰውየውን ያውቁታል?»

አሁን ቢናገር የሚጎዳ ነገር አልቀረም። እኔ ነኝ በለው፣ አንድ ጊዜ እንኳ በለው፣ እያልኩ በሆዴ ለመንኩት።

«የድሮ ሰዎች ናቸው» አለ ጋሽ መሮ። «ሞተዋል።»