በቃል የተያዘ ይታጠባል

በደርግ ጊዜ ሮቤ ላይ ሁለተኛ ክፍል ጽሕፈት ሳስተምር አንዲት ልጅ ታናድደኝ ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ዓረፍተ ነገር አሳምራ ትጽፍና ገና ሳላርማት በመዳፏ ታጠፋዋለች። አንድ ቀን ብልጭ አለብኝና «ማን አጥፊው አለሽ?» አልኳት።

«በቃሌ ያዝኩታ፣ ቲቸር» አለችኝ።

ቁርኣን ቤት ልማዱ እንደዚያ ነው፤ ልጆች በእንጨት ሉሃቸው ላይ የጻፉትን በቃላቸው ሲይዙት አጥበው አዲስ ይጽፋሉ። እኔ የጎጃሙ ሰው ይህን ያወቅሁት ያን ዕለት ከሷ ነው።

ቀና ብላ ከሰሌዳው በላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን፣ በየጠዋቱ በሰልፍ ተማሪዎቹን የምናስለፈልፋቸውን መፈክር ተመለከተች።

«እሱንስ ሁላችንም ይዘነዋል። ለምን አይታጠብም?»

በሩ ክፍት ነበር። ሄጄ ዘጋሁት። ከዚያ ዳስተሩን አንስቼ፣ ጥያቄዋ የተጻፈበት ይመስል፣ ባዶውን ሰሌዳ ጠረግሁ።