እናቴ ነርስ አልነበረችም

ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት ስናገርም ድምፄ ይጠፋል። እስከ ዛሬ የጻፍኩት አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱም እናቴ ስትቀበር የተነበበው የሕይወት ታሪኳ ነው።

ያረፈችው ገርጂ፣ ከኢምፔሪያል ሆቴል ጀርባ ባለው የኪራይ ቤታችን ነው። ድንኳኑ እየተተከለ ታላቅ ወንድሜ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ።

«አብረሻት የኖርሽው አንቺ ነሽ፣ ጻፊው። በጦርነቱ ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነበረች በይ። የእጮኛዬ ቤተሰቦች ይመጣሉ።»

«ነርስ ነበረች እንዴ?»

«ታዲያ ጠራጊ ነበረች ልትዪ ነው? ደግሞ አታርዝሚው፣ ፀሐይ ነው።»

የማውቀው ትንሽ ነበር። በደርግ ጊዜ በሰሜን በኩል የቁስለኞች ሆስፒታል ትሠራ እንደነበር፣ እዚያ አብረዋት የነበሩ ሴትዮ አሁን መገናኛ ካልሲ እንደሚሸጡ፣ በቃ። ሌላው የማውቀው ክፋቷን ነው። እናቴ ለሰው ውሃ አታቀብልም። ልጅ ሆኜ በትኩሳት ተኝቼ ስለምናት «እግር የለሽም? ተነስተሽ ቅጂ» ትለኝ ነበር። እስከ ጀሪካኑ እየዳኽኩ ስሄድ ቆማ ታየኛለች። እስክትሞት ድረስ በዚህ ጠልቻታለሁ።

መርዶውን ልነግራቸው መገናኛ ሄድኩ። ሴትዮዋ ካልሲዎቻቸውን በላስቲክ ጠቅልለው መሬት ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ሲረጋጉ ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ የእናቴ ሥራ እዚያ ምን ነበር?»

«እኛ ምን ሥራ አለን? የቁስል ፋሻ እናጥባለን። ደሙን አስለቅቀን እንቀቅለዋለን፣ ሲደርቅ ለሌላው ይታሰራል። አዲስ ከየት ይመጣል?»

«ለሰው ውሃ የማታቀብለውስ ለምንድነው?»

የካልሲውን ላስቲክ አጥብቀው ቋጠሩት። ከዚያ ነገሩኝ። ሆዱን የተመታ አንድ ወታደር ውሃ እያለ ሲለምን ዋለ። ሆዱ የቆሰለ ሰው ውሃ እንደማይሰጠው ለፋሻ አጣቢ የነገራት የለም። እናቴ በጣሳ ሰጠችው። መረቃት፣ ጠጣ፣ ሳይመሽ ሞተ። ሐኪሙ በጥፊ መታት፤ ጣሳውን በፋሻ አንገቷ ላይ አስሮ በአልጋዎቹ መሀል አመላለሳት። እግር የሌላቸው እንኳ በክንዳቸው ቀና እያሉ ተፉባት።

«ከውሃው ይሁን ከቁስሉ ማን ያውቃል? መሞቱ አይቀርም ነበር። እሷ ግን ገደልኩት ብላ አመነች» አሉኝ። «ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። ላንቺ የነገርኩሽ ልጇ ስለሆንሽ ነው።»

በታክሲ ስመለስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። ይህን የሰማ ሁሉ እንደ እኔ ይቅር የሚላት መሰለኝ። ነርስ የሚለውን አልጻፍኩም። ጣሳውንም፣ ጥፊውንም፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ወንድሜ እንግዳ እየተቀበለ ስለነበር አላየውም። ቀብሩ ላይ የሚያነበው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ስሰጠው ሳያየው አጥፎ ኪሱ ከተተው።

መቃብሩ አጠገብ መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበ። «ሟች ነርስ አልነበሩም፣ ፋሻ አጣቢ ነበሩ» ሲል ሰው መተያየት ጀመረ። «ከእጃቸው ውሃ የጠጣው ወታደር ሞተ» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ፤ ግን አንዴ ጀምሮታልና ቀጠለ። ከኋላዬ አንዲት የሰፈራችን ሴት «እኔኮ ስንት ቀን ከእጇ በልቻለሁ» ስትል፣ ሌላዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። የወንድሜ እጮኛ እናት ወደ ባሏ ዞር ብላ «ነርስ ነበረች አላሉንም ነበር?» አለችው። ወንድሜ አፈሩ ተመልሶ ሳያልቅ ወደ መኪናው ሄደ። እስካሁን አያናግረኝም።

ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የፈለግኩት ካልሲ ሻጯን ነበር። እሳቸው እንኳ ይረዱኛል ብዬ። መካነ መቃብሩ በር ላይ አገኘኋቸው። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ወደ ኋላ ሸሸጉት።

«ያኔ ያያት አርባ ቁስለኛ ነው» አሉኝ። «አንቺ ለአገሩ ሁሉ አሳየሻት።»