የልጄን ክኒን የዋጠው አባ ኮዳ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ በሥራ ተዛውሬ አዋሳ በመጣሁ ሰሞን ነው። ዕድሜ ብዙ ነገር ቢያስረሳኝም ይህን ግን አልረሳውም፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

ልጄ ማርታ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። አስም አለባት። የክሊኒኩ ሐኪም በየቀኑ የምትወስደው ክኒን አዘዘላትና፣ "ደህና ብትሆንም እንኳ እንዳታቋርጥ" ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ክኒኑ ሲበዛ መራራ ነው። መጀመሪያ በስኳር እያባበልኩ እሰጣት ነበር። ስኳር ግን የምናገኘው ከቀበሌው የኅብረት ሱቅ በራሽን ነው፤ አንድ ጊዜ ጭራሽ ሳይመጣ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ዓሣ ትዝ ያለኝ። ማርታ ዓሣ ከሰጧት ስሟንም ትረሳለች።

ከሥራ ስወጣ ይዣት ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። ጋሽ ዳንጊሶ ከሚባሉ ዓሣ ሻጭ ጥብስ እገዛና ክኒኑን በአንዱ ቁራሽ ውስጥ ወሽቄ እሰጣታለሁ። እሷም ተቀብላኝ ወደ ውኃው ዳር ትሮጥና አፏን እየጠረገች ትመለሳለች። በብልሃቴ ኮራሁ። ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

ብዙም ሳይቆይ የማርታ ደረት እንደገና ሲር ሲር ይል ጀመር። ገመድ መዝለል አቃታት፤ ትንሽ ሮጣ ቁጭ ትላለች። ፈራሁ። ጎረቤቶቼም "ተይው፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ይሻላታል" አሉኝ። ክኒኑ አልሠራም ብዬ የያዝኩት ሲያልቅ ላቆምላት ወሰንኩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ማርታ ቁራሿን ይዛ እንደሮጠች፣ ጋሽ ዳንጊሶ የቀረውን ዓሣ እየጠቀለሉልኝ፣ "የኔ ልጅ፣ ያ አባ ኮዳ ምን አሞት ነው መድኃኒት የምትሰጡት?" አሉኝ።

"የቱ አባ ኮዳ?"

በአገጫቸው አመለከቱኝ። አዋሳን ለማያውቅ፣ አባ ኮዳ አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለለት፣ ራሰ በራ፣ ቁመቱ ልጅ የሚያክል ወፍ ነው፤ አንጀት ፍለጋ ከዓሣ ሻጮች አይርቅም። ማርታ ፊት ለፊቱ ቆማለች። ቁራሹን ዳር ዳሩን ገምጣ ክኒን ያለበትን መሀሉን ወረወረችለት። እሱም አየር ላይ ቀልቦ ዋጠው።

ልቆጣ አፌን ስከፍት ጋሽ ዳንጊሶ ቀደሙኝ። የዓሣ አንጀት በእጃቸው አንጠልጥለው፣ "ነይ እስቲ አንቺ ሐኪም! ይሄን መወርወር ትፈልጊያለሽ? መጀመሪያ ክኒንሽን ዋጪና ምላስሽን አሳዪኝ" አሏት።

ከቦርሳዬ ሌላ ክኒን አወጣሁ። ማርታ ክኒኑን አየች፣ አንጀቱን አየች፣ ወፉን አየች። ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው። ምላሷንም እስኪበቃን ጎልጉላ አሳየችን።

ከዚያ ወዲያ መድኃኒቷን ያለ ጭቅጭቅ መውሰድ ጀመረች። እኔ ብዘነጋ እንኳ "እማዬ፣ ወፎቹ እየጠበቁን ነው" እያለች የምትጎትተኝ እሷ ሆነች። ጋሽ ዳንጊሶም የምትወረውረውን አንጀት ሳያስቀምጡላት አይውሉም ነበር። እግዜር ይስጣቸው፤ ዘመድ እንኳ እንደዚያ አይሆንም።

ትንፋሿ እየተመለሰ መጣ። አንድ ቀን ከሐይቁ ስንመለስ "እንሽቀዳደም!" ብላኝ ተፈተለከች። ስደርስ በራችን ላይ ቆማ ትስቃለች፤ የምታለከልከው እኔ ነኝ። ዛሬ ማርታ ራሷ እናት ሆናለች። እኔ ግን እንደዚያን ቀን ትንፋሼ ቁርጥ እስኪል ደስ ብሎኝ አያውቅም።